ለየብቻ ደህና የሆኑት ሰርኪቶች አብረው ሲሮጡ ለምን ይበላሻሉ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ወረፋው ስለሚረዝምብኝ ባለ 127 ኩቢት ኳንተም ኮምፒውተር ላይ ሁለት ባለ 5 ኩቢት ሰርኪቶችን በአንድ ጊዜ አስኬዳለሁ። ለየብቻ ሲሮጡ ውጤታቸው ደህና ነው። አብረው ሲሮጡ ግን ሁለቱም ይበላሻሉ። ኮዱ ላይ ስህተት አላገኘሁም። ምን ይሻላል?»

ኮዱን ይተዉትና መጀመሪያ ሰርኪቶቹ (ማሽኑ የሚፈጽማቸው የትእዛዝ ቅደም ተከተሎች) የትኞቹ ኩቢቶች (የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ አሃዶች) ላይ እንዳረፉ ይዩ። አጣምረው ሲልኳቸው ትራንስፓይለሩ፣ ማለትም ሰርኪቱን ለማሽኑ እንዲስማማ የሚቀይረው ፕሮግራም፣ ቦታ የሚመርጠው እንደ አዲስ ነው። ብቻውን ደህና የነበረው ሰርኪት አሁን ደካማ ኩቢቶች ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ኪስኪት (የኳንተም ፕሮግራም መጻፊያ ሶፍትዌር) ውስጥ ኢኒሻል ሌይአውቱን፣ ማለትም ሰርኪቱ የትኞቹ ኩቢቶች ላይ እንደሚያርፍ፣ ራስዎ ይስጡ። ከዚያ አንደኛውን ብቻውን፣ ሁለተኛውን ብቻውን፣ ቀጥሎም ሁለቱን አብረው እዚያው ኩቢቶች ላይ ያስኪዱ። ሦስቱንም በአንድ ጆብ (አንድ ላይ በሚላክ ሥራ) ይላኩ። ካሊብሬሽኑ (የማሽኑ ማስተካከያ ልኬት) መሃል ላይ ከተቀየረ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

ብቻቸውንም ከተበላሹ ቦታ ይቀይሩ። አብረው ሲሆኑ ብቻ ከሆነ ግን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ክሮስቶክ፣ ማለትም ኩቢቶች እርስ በርስ መረባበሻቸው ነው። በሱፐርኮንዳክቲንግ ቺፕ ላይ የአንድ ኩቢት ፍሪኩዌንሲ እንደ ጎረቤቱ ሁኔታ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ኩቢት ከኩቢት የሚያገናኙ ጌቶች (በኩቢቶች ላይ የሚፈጸሙ መሠረታዊ ሥራዎች) ጎን ለጎን በአንድ ቅጽበት ሲሠሩ፣ ስህተታቸው ለየብቻ ሲለኩ ከነበረው ሊበልጥ ይችላል። የካሊብሬሽን ሠንጠረዡ ይህን ላያሳይዎ ይችላል።

መድኃኒቱ ርቀት ነው። በሁለቱ መሃል ቢያንስ አንድ፣ ከተቻለ ሁለት ሥራ ፈት ኩቢት ይተዉ። ለ10 ኩቢት ሥራ 127 ሰፊ ሜዳ ነው። እኔ ብሆን ከተጎራበቱ ምርጦች ይልቅ የተራራቁ መካከለኞችን እመርጣለሁ። ግን ትራንስፓይለሩ ስዋፕ (የሁለት ኩቢቶችን ሁኔታ የሚያቀያይር ጌት) ሲጨምር ባዶ የተዉትን ቦታ አቋርጦ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሰርኪት በራሱ ክልል ካፕሊንግ ማፕ (የትኛው ኩቢት ከየትኛው እንደሚገናኝ በሚያሳይ ካርታ) ብቻ ትራንስፓይል አድርገው ኋላ ያጣምሩ።

ርዝመታቸውንም ይዩ። አንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም ሆኖ መጨረሻ ላይ አብረው ከተለኩ፣ አጭሩ ጨርሶ ሲጠብቅ የያዘው ሁኔታ እየከሰመ ይሄዳል። ዘግይቶ እንዲጀምር ያድርጉት። ገና ዜሮ ላይ ያለ ኩቢት መጠበቅ ብዙም አይጎዳውም። ኪስኪት ውስጥ አላፕ (በተቻለ መጠን ማዘግየት) የሚባለው የጊዜ አደላደል ወይም ስኬጁሊንግ የሚሠራው ይህንኑ ነው። አጭሩን ቀድሞ መለካትም አለ፤ ነገር ግን የንባብ ምልክቱ ገና ሥራ ላይ ያሉትን ሊረብሽ ስለሚችል አልመክርም።

ለእያንዳንዱ የራሱን ክላሲካል ሬጂስተር (የልኬት ውጤት ማስቀመጫ) ይስጡ፤ ውጤቱን መለየት ይቀልዎታል። ይህን ሁሉ አድርገው ልዩነቱ ካልጠፋ፣ ጌት የበዛበትን ሰርኪት ብቻውን ያስኪዱት። ለእሱ ወረፋ ቢጠብቁ ይሻላል።