ከንጉሡ ራስ በላይ ምን አለ? የአክሱም ሳንቲሞች ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት መድረኩ ክፍት ነው። ርዕሱ የጥንቶቹ የአክሱም ነገሥታት እምነታቸውን በሥዕልና በጽሑፍ እንዴት እንዳሳዩ ነው። መላሹ ያው ጋሽ መሐለቅ ናቸው።

ጋሽ መሐለቅ፦ እንደምን አመሻችሁ። ከመጀመራችን በፊት ልናገር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እኔ የታሪክ መምህር አይደለሁም፤ የሳንቲም ፍቅር የያዘኝ ጡረተኛ ነኝ። ፎቶ ልኮ «ስንት ያወጣል?» ለሚለኝ ሰው መልስ የለኝም። ያገኛችሁትን ለቅርስ ባለሥልጣን አሳዩ። አትሽጡ፣ አትጠቡ።

የፒያሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ኤዛና ክርስቲያን መሆኑን ከሳንቲሙ ማወቅ ይቻላል?

ጋሽ መሐለቅ፦ እሰይ! ጥያቄ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ከእሱ በፊት የነበሩትን እይ። በአክሱም ሳንቲም ማስመታት የጀመረው ንጉሥ እንዱቢስ ነው፤ በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ። የወርቅ ሳንቲሙ በስፋቱ ከእኛ አሥር ሳንቲም ያንሳል፤ ክብደቱ 2.7 ግራም አካባቢ ነው። ንጉሡ ወደ ጎን ዞሮ ይታያል። ራሱ ላይ ሻሽ አስሯል። ግራና ቀኝ ሁለት የእህል ዛላ አቅፎታል። አሁን ዓይንህን ወደ ላይ አንሣ። ከራሱ በላይ ትንሽዬ ጨረቃ በጀርባዋ ተንጋላ ክብ ነገር አቅፋለች። ይቺ ምልክት የእንዱቢስ ፈጠራ አይደለችም። ከእሱ ብዙ መቶ ዓመት በፊት በአዲ ገላሞ በተገኘ የዕጣን ማጠኛ ላይም አለች።

ኤዛናም በመጀመሪያ ሳንቲሞቹ ላይ ያቺኑ ጨረቃ ነው ያስቀመጠው። በኋላ ባስመታው ወርቅ ግን ጨረቃ የለችም። አራት መስቀሎች ገብተው ዙሪያውን ያለውን ጽሑፍ ከፋፍለውታል። ሻሹስ? አለ። ዘውዱስ? አለ። እህሉም አለ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። የንጉሡን ሥዕል እንዳለ ትቶ ከላዩ ያለውን ብቻ ቀየረ። «እኔ ያው ነኝ፤ ያነገሠኝ ግን ሌላ ነው» እንደማለት ነው።

ድንጋይ ላይ ያስጻፈውንም እይ። በአንዱ ራሱን «የማይሸነፈው የመሕረም ልጅ» ይላል። የግሪኩ ጽሑፍ መሕረምን አሬስ ብሎታል፤ የግሪኮች የጦር አምላክ። በኖባ ሕዝብ ላይ ስለዘመተበት በጻፈው የግዕዝ ጽሑፍ ደግሞ መሕረም የለም፤ «እግዚአ ሰማይ» ነው የሚለው። የክርስቶስን ስም ግን አይጠራም። በሌላ የግሪክ ጽሑፍ ላይ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በግልጽ ተጠርተዋል። ግሪክ ለሚያነበው እንግዳ ሁሉን ተናገረ፤ ለአገሩ ሰው ቀስ አለ። እኔ የማነበው እንደዚያ ነው።

እማዋይሽ፦ ጨረቃ ካለ ታዲያ እስልምና ነበር ማለት ነው?

ጋሽ መሐለቅ፦ እስልምና 7ኛው መቶ ዘመን፣ እንዱቢስ 3ኛው። ቀንሺው።

ቡና ጠጪ፦ የንግሥተ ሳባ ሳንቲም አለ?

ጋሽ መሐለቅ፦ የለም።

ቡና ጠጪ፦ ታቦተ ጽዮንስ…

ጋሽ መሐለቅ፦ ወንድሜ፣ የሳንቲም ጥያቄ!

ዲሲ ያለሁት፦ እኔ የሚገባኝ ጨረቃዋ ከየመን የመጣች ናት። ይሓ ያለው ቤተ መቅደስም የሳባውያን ነው።

የዓድዋ ልጅ፦ ማን ነው ያለህ? የራሳችን ነው። እነሱ ከእኛ ቢወስዱስ?

ዲሲ ያለሁት፦ ማስረጃ አምጣ።

የዓድዋ ልጅ፦ አንተ አምጣ፤ ቀድሞ የተናገረ አንተ ነህ።

ጋሽ መሐለቅ፦ ቆይ፣ ቆይ። የይሓው ቤተ መቅደስ የአልመቃህ ነው። አልመቃህ በየመንም በትግራይም ተመልኳል። ውቅሮ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ ላይ የተገኘው መሠዊያም የእሱ ነው። ግን እነ አስታር፣ ብሔርና ምድር የሚባሉ አማልክትም በኤዛና ጽሑፎች አሉ። እናንተ «የማን ነው» ትላላችሁ። እኔ ደግሞ ንጉሡ የትኛውን ስም መርጦ የት እንዳስቀረጸው ነው የማየው። በዚህ ላይ ሌላ መልእክት ብትጽፉ አልመልስም።

የሰፈሩ ኮንትራክተር፦ ጋሼ፣ ሐውልቶቹስ?

ጋሽ መሐለቅ፦ ሐውልት የእኔ ሙያ አይደለም። የነገሥታት መቃብር ምልክት ናቸው። በር፣ መስኮትና የወለል ግንድ ተቀርጾባቸዋል። ለሞተ ንጉሥ በድንጋይ የተሠራ ፎቅ ነው። ይበቃል።

የሰፈሩ ኮንትራክተር፦ እኔ ልጨምር። ወድቆ የቀረው 33 ሜትር፣ 520 ቶን ገደማ ነው። ከሮም በ2005 የተመለሰው 24 ሜትር ያህላል፤ በ2008 ቆመ። ትልቁን ያፈረሰችው ዮዲት ናት ይባላል፤ እኔ ግን በዚያ መሠረት ድሮም አይቆምም ባይ ነኝ።

እማዋይሽ፦ አያቴ ዮዲት ናት ያፈረሰችው ነው የሚሉት፤ እሳቸው አይዋሹም!

ጋሽ መሐለቅ፦ አያትሽ አልዋሹም፤ የሰሙትን ነው የነገሩሽ። ብዙዎቹ ባለሙያዎች ግን ሲያቆሙት ወይም ብዙም ሳይቆይ ወደቀ ነው የሚሉት። ወደ ሳንቲሙ።

ዲሲ ያለሁት፦ እሺ፣ ይሄ ሳንቲም ነው። ወርቁ ለምን በግሪክ ተጻፈ? ፊደል ነበረን አይደል?

ጋሽ መሐለቅ፦ ወርቁ ከአዱሊስ ወደብ ወጥቶ ሮማውያንና ሌሎች ነጋዴዎች እጅ ይገባ ነበር። የአክሱም ወርቅ የመንና ህንድ ድረስ ተገኝቷል። ግዕዝን በሳንቲም የጀመረው ንጉሥ ወዜባ ነው። በኋላ ብሩና ነሐሱ ወደ ግዕዝ ሄዱ፤ ወርቁ ግን በግሪክ ቀጠለ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ ማንም ባይጠይቀኝም። የነሐሱ ሳንቲም የገበያ ነው፤ የሽንኩርት መግዣ በሉት። ከጀርባው መስቀል አለ። አንዳንዶቹ ላይ መሃሉን ጎድጎድ አድርገው በስሱ ወርቅ ቀብተውታል። በነሐስ ሳንቲም ላይ! አንድ በአንድ፣ በእጅ። በዚያን ዘመን ሌላ አገር እንዲህ ያለ ሥራ አታገኙም። በአንዳንዶቹ ዙሪያ በግሪክ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» ይላል። መሐድይስ የሚባለው ንጉሥ (አናባቢ ስለሌለው አነባበቡ ያከራክራል) በግዕዝ «በዝ መስቀል ትመውእ» አስቀርጿል። «በዚህ መስቀል ታሸንፋለህ» ነው። የቆስጠንጢኖስ ቃል መሆኑ ነው፤ ወደ ግዕዝ ተመልሶ ነሐስ ላይ ወጣ። ሳንቲም ካስመቱት ከመጨረሻዎቹ ነገሥታት አንዱ የሆነው አርማህ ደግሞ ነሐሱ ላይ ከነሙሉ አካሉ ዙፋን ላይ ተቀምጦ፣ መስቀል ይዞ ይታያል።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኤዛና ክርስቲያን መሆኑ በሳንቲም ይታወቃል?

ጋሽ መሐለቅ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ በአጭሩ ቢነግሩኝስ?

ጋሽ መሐለቅ፦ ጨረቃ ወጣች፣ መስቀል ገባ። አጠረልህ?

ትርሲት፦ ጋሼ፣ አጎቴ እርሻ ላይ አንድ ነሐስ አግኝቶ ነበር። በሎሚና በአመድ ፈትጎ አበራው። አሁን እንደ አዲስ ያብለጨልጫል።

ጋሽ መሐለቅ፦ አይ ትርሲት! መጀመሪያ ምን ብዬ ነበር? አትጠቡ! ሎሚው እኮ ዝገቱን ብቻ አይደለም፣ ፊደሉንም ይበላዋል። የቀረ ወርቅ ካለበት ደግሞ ፍተጋው ይዞት ይሄዳል። በይ፣ አሁን በጣትሽ አትንኪው። ስልክሽ ላይ ያለውን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን አብሪበት። ጀርባውን እዪ። መሃሉ ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር አለ?

ትርሲት፦ አለ። ጠርዙ ላይ ብቻ ቢጫ ነገር ትታያለች። የሰናፍጭ ፍሬ ታክል።

ጋሽ መሐለቅ፦ እሷ ናት። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለሽ ነገ ጠዋት ለቅርስ ባለሥልጣን ውሰጂው፤ የት እንደተገኘም ንገሪያቸው። ለአጎትሽ ደግሞ ሎሚውን ሻይ ላይ ጨምቂላቸው።