መልስ፦ ድንገት ዓይኗን ለጨፈነችው ድመት
ድመትዎ ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድ ዓይኗን እንደጨፈነችና እንባ እንደሚወርዳት ገልጸው፣ ቤት ያለውን የሰው የዓይን ጠብታ ላድርግላት ወይ ብለው ጠይቀዋል። እባክዎ አያድርጉላት። አንዳንዶቹ ጠብታዎች ዴክሳሜታዞን የተባለ መቅላትንና እብጠትን የሚቀንስ መድኃኒት ስላለባቸው፣ ኮርኒያዋ (የዓይኗ የፊተኛው ግልጽ ሽፋን) ተጭሮ ወይም ቆስሎ ከሆነ ቁስሉን ያባብሱታል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። የእኔዋም እንዲሁ በሆነች ጊዜ ሐኪሙ ፍሎረሲን የተባለውን ብርቱካናማ ቀለም ጠብ አድርጎ በሰማያዊ መብራት ሲመለከታት፣ ጭረቱ እንደ ቀጭን ክር አረንጓዴ ሆኖ ሲያበራ አይቻለሁ። በአንቲባዮቲክ ቅባት ዳነች፤ ሆኖም ቁስሉ መጠገኑ የሚረጋገጠው በድጋሚ በቀለም ሲታይ ነውና ዓይኗ ስለተገለጠ ብቻ ቀጠሮውን አይተዉ። እስከዚያው በእግሯ እንዳታሸው ይጠብቋት፤ ፈሳሹንም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ፣ ዓይኗን ሳይጫኑ፣ ቀስ አድርገው ይጥረጉላት።