መልስ፦ ተኩስ ክለቡ ፊት ነሳኝ ላልሽው

እህቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኩስ ክለብ ሄደሽ አሰልጣኙ እንደጮኸብሽ፣ ቢሮ ያሉትም ፊት እንደነሱሽ ጽፈሻል። «ለጀማሪ ሁሌ እንዲህ ነው?» ብለሻል። አቦ፣ ሁለቱን ለይተሽ እዪ።

«አፈሙዙን ወደ ኢላማው! ጣትሽን ከቃታው አንሺ!» ብሎ የሚጮህ አሰልጣኝ ሥራውን እየሠራ ነው። እዚህ ላይ ይሉኝታ አይሠራም። በታመቀ አየር በሚተኩሰው በአየር ጠመንጃም ዓይን ይጠፋል።

እኔን እዚህ ድሬ ስጀምር ያበገነኝ ቢሮው ነው። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ፎርም ሙላ» አለኝ። ክፍያው ጥይት ይጨምራል ወይ ስለው፣ «ውስጥ ይነግሩሃል»። ውስጥ ስገባ ደግሞ «ውጭ አልነገሩህም?»። በዚያ ሙቀት! ለነገሩ ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ኩርፍርፍ ሰው ብዙም አይገጥምም።

የታደጉኝ አንድ ሸምገል ያሉ አባል ናቸው። የአየር ጠመንጃዋን 4.5 ሚሊ ሜትር ጥይት መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ አተነፋፈሱን አሳዩኝ፦ ግማሹን አስወጣ፣ ያዝ፣ ቃታውን ቀስ አድርገህ ሳብ። ኢላማው ያለበት 10 ሜትር ቅርብ ይመስላል። ግን የአየር ጠመንጃ ኢላማ መሃል ላይ ያለችው ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ናት።

ሳትከፍዪ በፊት ጥይት፣ መነጽርና የጆሮ መከላከያ በሂሳቡ ውስጥ መኖራቸውን ጠይቂ። ደረሰኝም ተቀበዪ። እውነተኛ መሣሪያ የሚያስተኩሱ ከሆነ ፈቃዳቸውን ማየት ነውር የለውም፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 አለ። የደህንነት ትምህርት ሳይሰጡሽ ጠመንጃ ካቀበሉሽ ግን፣ የቱንም ያህል ቢስቁልሽ ጥለሽ ውጪ።