ክርስትና ከዞራስተር ሃይማኖት የተቀዳ ነውን?

ጥያቄ፦ በጂማ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ጥንታዊት ፋርስ ስንማር አንድ ተማሪዬ ሰይጣን፣ መላእክት፣ ትንሣኤ ሙታንና የመጨረሻው ፍርድ ሁሉ ዞራስተር በተባለ ነቢይ ስም ከሚጠራው የጥንት ፋርሶች ሃይማኖት እንደተወሰዱ በቪዲዮ መስማቱን ተናገረ። ክርስቲያኖቹም ሙስሊሞቹም ተማሪዎች ቅር ተሰኝተው ክርክሩ ስለተካረረ፣ በእርጋታ የማስረዳበትን መልስ ብትሰጡኝ። (መምህር፣ ከጂማ)

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎ የሰማው ነገር ከመሬት ተነሥቶ የተፈጠረ ስላልሆነ ቁጣ ሳይሆን ማስረጃ ይገባዋል። ቂሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ539 ባቢሎንን ከያዘ ጀምሮ እስክንድር እስኪመጣ ድረስ አይሁድ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፋርስ ነገሥታት ሥር ኖረዋል። ከነገሥታቱ አንዱ ዳርዮስ በቤሂስቱን ገደል ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ዙፋኑን የሰጠው የዚህ ሃይማኖት ታላቅ አምላክ አሁራ ማዝዳ መሆኑን ደጋግሞ ይናገራል። በዚህን ያህል ዘመን ሐሳብ ከአንዱ ወደ ሌላው አልተሻገረም ማለት ያስቸግራል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍት ውስጥ የሚቆጠረው መጽሐፈ ጦቢት ጥሩ ምስክር ነው፤ የሣራን ሰባት ባሎች በየሠርጋቸው ሌሊት የገደለው ጋኔን፣ ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ስሙን ያገኘው ኤሽማ ከተባለው የፋርሶች የቁጣ ጋኔን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ቴዎፖምፖስም የፋርስ ካህናት ሰዎች ዳግም ሕያዋን እንደሚሆኑ ያስተምሩ እንደነበር ጽፏል። ስለዚህ «እነሱ ናቸው ከክርስቲያኖች የወሰዱት» ብሎ መመለስም አያዋጣም።

ይሁን እንጂ ከመመሳሰል ተነሥቶ «ተቀድቷል» ብሎ መፍረድ ትልቅ ስሕተት ነው። በኋለኞቹ የፋርስ መጻሕፍት የክፋት መንፈስ የሆነው አህሪማን የአሁራ ማዝዳ ፍጡር ሳይሆን ከጥንት ጀምሮ በራሱ የቆመ ባላንጣ ሲሆን፣ በክርስትና ሰይጣን የወደቀ ፍጡር ነው። ቂሮስን «የተቀባ» ብሎ የሚጠራው የኢሳይያስ ምዕራፍ 45 ራሱ፣ ብርሃንንም ጨለማንም የፈጠረ አንድ እግዚአብሔር ብቻ መሆኑን በኃይል ያውጃል። አምላክ ሰው ሆኖ በመስቀል ሞተ የሚለው፣ ለክርስትና የሁሉ ማዕከል የሆነው ትምህርት ደግሞ በዞራስተር ሃይማኖት አቻ የለውም።

በየቪዲዮው የሚወራው የአዳኙ የሳኦሽያንት ከድንግል መወለድም ቀረብ ብለው ሲያዩት ሌላ ነገር ነው። በትውፊቱ መሠረት የዞራስተር ዘር በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተጠብቆ ይኖራል፤ በዘመን ፍጻሜ አንዲት ልጃገረድ በሐይቁ ስትታጠብ ከዚያ ዘር ትፀንሳለች። ይህ የነቢዩን የዘር ሐረግ የሚያስቀጥል ታሪክ እንጂ ያለ ወንድ ዘር የሆነው የማርያም ፅንስ አይደለም። ስለ ዓለም ፍጻሜ በስፋት የሚተርከው ቡንደሂሽን የተባለው መጽሐፍም አሁን ያለውን መልክ የያዘው በእስልምና ዘመን፣ በ9ኛው መቶ ዘመን ገደማ ነው። አንዳንዱ ይዘቱ እጅግ የቆየ ቢሆንም፣ የትኛው ክፍል ከክርስትና እንደሚቀድም ሳይለዩ መጥቀስ ተማሪን ማሳሳት ነው።

ሁለቱ ሃይማኖቶች ፊት ለፊት የተገናኙት ክርስትና ከተነሣ በኋላ፣ ከእስልምና በፊት ፋርስን በገዙት በሳሳኒድ ነገሥታት ዘመን ሲሆን፣ ዳግማዊ ሻፑር በ4ኛው መቶ ዘመን ክርስቲያኖችን ክፉኛ አሳድዷል፤ ቀዳማዊ ያዝደገርድ ግን በ410 ጳጳሳቱ በዋና ከተማው ጉባኤ እንዲያደርጉ ፈቅዷል። ለሙስሊም ተማሪዎችዎም የዚህ እምነት ተከታዮች «መጁስ» ተብለው በቁርኣን በሱረቱል ሐጅ እንደተጠቀሱ ቢነግሯቸው፣ ጉዳዩ የሁሉም መሆኑን ይረዳሉ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የዳርዮስን ጽሑፍና ኢሳይያስ 45ን ጎን ለጎን ያስነብቧቸው፤ ተማሪዎቹ ተመሳሳዩንና ልዩነቱን ራሳቸው ለይተው ይጻፉ።