ረዘም ያለውን ካንዴላ አይግጠሙት

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «በረዶ መጥረጊያ ማሽኔ ካምና ጀምሮ ቆሞ ነበር፤ አሁን አልነሳ አለኝ። አዲስ ካንዴላ ገዛሁ፤ ጥርሱ ግን ከአሮጌው ይረዝማል። ብገጥመው ችግር አለው?»

አዎ፣ አይግጠሙት። ካንዴላ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ ነው፤ ጥርሱ ደግሞ ሞተሩ ላይ ተጠምዝዞ የሚገባው ክፍሉ ነው። የጥርሱ ውፍረት እኩል ስለሆነ ይገባል፤ አደጋውም እሱ ነው። ትርፉ ጥርስ ወደ ሲሊንደሩ ዘልቆ ፒስተኑን ወይም ቫልቩን ሊመታ ይችላል። ያኔ ወጪው የካንዴላ መሆኑ ቀርቶ የሞተር ይሆናል።

ካንዴላ በዓይን አይመረጥም፤ በቁጥር ነው። ቁጥሩ የማሽኑ መመሪያ ላይ አለ። አሮጌው ካንዴላ ሸክላ ላይ የተጻፈውን ብቻ አይመኑ፤ ቀድሞ የገጠመው ሰው ተሳስቶ ይሆናል። ለምሳሌ ብዙ የሆንዳ ጂኤክስ ሞተሮች የኤንጂኬ (NGK) ኩባንያን ቢፒአር6ኢኤስ (BPR6ES) ካንዴላ ይወስዳሉ። እዚህ ላይ 6 የሙቀት ደረጃው ነው፤ «ኢ» ደግሞ ጥርሱ 19 ሚሊሜትር መሆኑን ይናገራል። አንድ ፊደል ሲለወጥ ዕቃው ሌላ ነው።

ካንዴላው የት እንዳለ ካልታየዎት ወፍራሙን ጥቁር ሽቦ ይከተሉ፤ ጫፉ ላይ ያለው የጎማ ቆብ የሚሸፍነው እሱን ነው። አንዳንድ ማሽን ላይ መጀመሪያ የፕላስቲክ ክዳን ማንሳት ያስፈልጋል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ቁልፉም ይነቀል። ሽቦውን ሳይሆን ቆቡን ይዘው እያወዛወዙ ያውጡ። ዙሪያውን በደንብ ይጥረጉ፤ አለዚያ አሸዋው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

አሮጌውን ሲያወጡ ቶሎ አይጣሉት። ጫፉ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥላሸት ካለው ነዳጅ በዝቷል፤ ቾኩ (ሞተር ሲነሳ አየር የሚቀንሰው ክዳን) ሳይመለስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ዘይት ከቀባው ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ይህን አዲስ ካንዴላ አያድነውም።

በአዲሱ ጫፍ ላይ ያለውን ክፍተት ይለኩ። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ይፈልጋሉ፤ የእርስዎን ግን መመሪያው ይወስን። ከዚያ በእጅ ብቻ እስኪቆም ያሽከርክሩ። ገና ከጅምሩ ከከበደ ያውጡትና እንደገና ያስገቡ፤ የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን) ጥርስ በቀላሉ ይበላል። ራንዴላ (የብረት ቀለበት) ያለው አዲስ ካንዴላ በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል ሲጠብቅ ይበቃዋል።

የእርስዎን ማሽን በተመለከተ ግን ጥርጣሬዬ ሌላ ቦታ ነው። ገመዱን ደጋግመው ስበው ካንዴላው ደረቅ ሆኖ ከወጣ ነዳጅ እየደረሰው አይደለም። ካምና የቀረው ቤንዚን ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ደፍኖት ይሆናል። አሮጌውን ቤንዚን ቀድተው ያውጡ፣ አዲስ ይጨምሩ፤ ያም ካልሠራ ካርቡሬተሩ ተፈቶ ይታጠብ።