«ቀሪውን መቼ ያጠናቅቃሉ?» የሚል ስልክ ቤት ሲደወል

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ካለፈው ክረምት ጀምሮ የአፓርታማ ሽያጭ ሠራተኞች በቤት ስልክም በሞባይሏም እየደወሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተዋታል። «ጣናን የሚያሳይ ቤት ነው፣ ቅናሹ ሊያልቅ ነው፣ ቦታ ይያዝልዎ» ይሏታል። አንዱን ቁጥር ብሎክ ሳደርግ በሌላ ይመጣሉ። ምሳ ሰዓት ይደውላሉ፣ ማታ ይደውላሉ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለስ ይደውላሉ። ባለፈው ሳምንት እኔ ሳነሳው አንዷ «ቀሪውን መቼ ነው የሚያጠናቅቁት?» አለችኝ። ተናድጄ ዘጋሁባት። እነዚህን ሰዎች በሕግ ማስቆም እችላለሁ? መክሰስስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማስቆም ይቻላል። መንገዱን ከታች በአጭሩ አስቀምጬልዎታለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የምኑን ቀሪ ነው የጠየቀችዎት?

ስለ ጥሪው ብዛት፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ቁጥሮቹ በደንብ ጽፈዋል። ይህን ግን ጠቅሰውት ብቻ አልፈዋል። እኔ ደብዳቤዎን ሳነብ የቆምኩት እዚያ ላይ ነው። ሻጭ ምንም ላልከፈለ ሰው «ቀሪውን» አይለውም። ልጅቷ ስም ተምታቶባት ሊሆን ይችላል። ለማስደንገጥ ብላም ሊሆን ይችላል። ቢሮዬ ከሚመጡ ሰዎች እንደማየው ግን ብዙውን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው። ከቤቱ ሰው አንዱ የሆነ ገንዘብ ልኳል፤ ለሌሎቹ አልተናገረም።

ስልኩን ከዘጉ በኋላ እናትዎን ጠይቀዋቸዋል? ካልጠየቁ ዛሬውኑ ይጠይቁ። ጠይቀው መልሱን ካልጻፉልኝ ደግሞ፣ ልቆጣዎት አይደለም፣ ግን ጠበቃ በግማሽ ታሪክ ሙሉ ምክር መስጠት አይችልም። አጠያየቅዎ ላይም ይጠንቀቁ። «ብር ልከሻል እንዴ?» ብለው ከጀመሩ መልሱ «አልላክሁም» ነው የሚሆነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌላውን ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ልጃቸው ፊት «ተታለልኩ» ማለት ይከብዳቸዋል። ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ ተረጋግተው ይጠይቋቸው። ፈቃዳቸው ከሆነ ከባንክ የመጡላቸውን መልእክቶች አብራችሁ እዩ። ያለ ፈቃዳቸው ስልካቸውን አይበርብሩ።

አሁን ወደ ጥሪው እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ የስልክ ግንኙነትም እዚያው ውስጥ አለ። በተግባር የሚጠቅምዎት ግን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ስምና ስልክ ቁጥር የግል ዳታ ነው። እናትዎ ባዛር ላይ የዕጣ ቅጽ ሞልተው ቁጥራቸውን በገዛ እጃቸው ሰጥተው ቢሆን እንኳ ፈቃዳቸውን መልሰው ማንሳት ይችላሉ። ቁጥራቸው ለሽያጭ ማስተዋወቂያ እንዳይውልም መቃወም ይችላሉ። ተቃውሞው በጽሑፍ ይሁን። አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ወደዚያ ሲሄዱ አስቀድመው ለድርጅቱ መጻፍዎን የሚያሳይ ቅጂ በእጅዎ ይኑር። ለስልክ አገልግሎት ሰጪዎም ያመልክቱ። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ነው። ያመለከቱበትን ቀንና ያነጋገሩትን ሰው ስም ይጻፉ።

የጽሑፍ መልእክትም የሚልኩ ከሆነ አንዱንም አያጥፉ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ማስታወቂያ መላክን ይከለክላል። ይህ ድንጋጌ ግን የሚናገረው በኢሜይልና በመሰል የኮምፒዩተር አድራሻ ስለሚሰራጭ መልእክት ነው። የላኪው ማንነትና ቀላል የማቋረጫ መንገድ ሲኖረውም የተለየ ነገር ይላል። ስለዚህ የድምፅ ጥሪውን ይዘው በዚህ አንቀጽ ፖሊስ ጣቢያ እንዲሮጡ አልመክርዎትም። መልእክቶቹን ለጠበቃ ያሳዩ፤ እሱ ይመዝናቸው።

ሌላ ያልነገሩኝ ነገር አለ። የቤቱ ስልክ በማን ስም ነው? ብዙ ቤት መደበኛው ስልክ የሚገኘው በሟች አባት ስም ነው። ለአቤቱታ ሲሄዱ «ባለመብቱ ይምጣ» ይባላሉ፤ ቀኑ በከንቱ ያልፋል። በአባትዎ ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልግ ይሆናል። የሞባይሉ ባለቤት ደግሞ እናትዎ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ያመልክቱ፤ ካልሆነ ውክልና ይስጡዎት። የተጎዱት እሳቸው ሆነው ሳለ በእርስዎ ስም ክስ ቢቀርብ መዝገቡ በመጀመሪያው መቃወሚያ ሊዘጋ ይችላል።

አንድ ደብተር ያዘጋጁ። የተደወለበት ቀንና ሰዓት፣ ቁጥሩ፣ ደዋዩ የተናገረው ስምና የድርጅት ስም ይጻፍበት። በስልክ ስንናገር ይሉኝታ ይይዘንና «እሺ፣ እስኪ ነገ ደውሉልኝ» እንላለን። ለሻጩ ይህ ቀጠሮ ነው፤ እናንተም ፈቃድ የሰጣችሁ ያስመስላችኋል። ቁርጥ ያለ ቃል ይሁን።

ይህ ሁሉ የተለመደው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እዚህ ላይ አይደለም።

ደንበኞቼ በተደጋጋሚ የሚወድቁበትን ልንገርዎ። አከታትለው ይደውላሉ። ሰውየው ይሰለቻል። ከዚያ ለስለስ ያለች ድምፅ «ቦታው እንዳያልፍዎት ትንሽ ብቻ ያስይዙ፤ ካልፈለጉ ይመለስልዎታል» ትላለች። ሰውየው ለመገላገል ብሎ ይልካል። ቤት ለመግዛት አልወሰነም፤ የፈለገው ስልኩ ዝም እንዲልለት ነው። ገንዘቡም ብዙ ጊዜ የሚላከው በድርጅቱ ሳይሆን በሴልሷ፣ ማለትም በሽያጭ ሠራተኛዋ፣ የግል አካውንት ነው። የክፍያ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይም እሷ የነገረችው ቃል ይጻፋል። «ቀብድ» ወይም «የቤት ቅድሚያ ክፍያ» ይላል።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። አንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል ይላል። በአንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ከውሉ ሲወጣ ቀብዱን ያጣል። ተቀባዩ ቢወጣ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሴልሷ ይህን የሁለተኛውን ክፍል አትነግርዎትም።

ይሁን እንጂ እዚህ ድረስ ሕጉ ከእናትዎ ጎን የሚቆምበት ጠንካራ ነጥብ አለ። ቤት የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልተደረገ ዋጋ የለውም፤ አንቀጽ 2877 ይህንን በግልጽ አስቀምጦታል። በስልክ የተባለ «እሺ» ቤት አያስገዛም። የተፈረመ ውል ከሌለ፣ ያለው የባንክ ደረሰኝ ብቻ ከሆነ፣ «ውል የለም፤ ገንዘቤ ይመለስ» ብሎ መከራከር ይቻላል። ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ገንዘብ የበለጸገ ሰው እንዲመልስ የሚያደርገው አንቀጽ 2162 አለ።

ታዲያ ሰዎች ይህን ያህል ይዘው እንዴት ይሸነፋሉ?

ገንዘባቸውን ለማስመለስ ሲሄዱ ነው የሚሸነፉት። «ይመለስልዎታል፣ ይህችን ቅጽ ብቻ ይፈርሙ» ይባላሉ። ቅጹ አንድ ገጽ ነው። ርዕሱ «የተመላሽ ገንዘብ መጠየቂያ» ይላል። ሰው ርዕሱን አይቶ ደስ ይለዋል፤ ውስጡን አያነብም። ውስጡ ግን እንዲህ ዓይነት ነገር ተጽፎበታል፦ «ከድርጅቱ ጋር የገባሁትን የቤት ግዢ ውል በራሴ ፈቃድ ያቋረጥኩ ስለሆነ፣ በውሉ መሠረት የሚቀነሰው ተቀንሶ ቀሪው እንዲመለስልኝ፤ ከዚህ በኋላም ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም።»

እህቴ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብለው ያንብቧት። ውል አልነበረም፤ አሁን ፈራሚዋ «ገብቻለሁ» አሉ። ማን አፈረሰ የሚለው ክርክር ነበረበት፤ አሁን «እኔ ነኝ» አሉ። ቅጣት አልተስማሙም፤ አሁን «ይቀነስ» አሉ። የመጠየቅ መብት ነበራቸው፤ አሁን «የለኝም» አሉ። ድርጅቱ በእጁ ያልነበረውን የጽሑፍ ማስረጃ እናትዎ በገዛ ፊርማቸው ሰጡት ማለት ነው። ይህን ወረቀት ተፈርሞ ይዘውልኝ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ጥቂቶቹ የተማሩ፣ ቢሮ የሚመሩ ሰዎች ናቸው። ልቤን የሚያሳዝነኝ ከመፈረማቸው አንድ ቀን በፊት ቢያሳዩኝ ኖሮ ነገሩ ቀላል እንደነበር ሳስብ ነው።

አሁን አሁን ደግሞ ቅጹ በቴሌግራም ይመጣል። «ፈርመው ፎቶ አንስተው ይላኩልን፣ የመታወቂያዎንም ፎቶ ያያይዙ» ይላሉ። መታወቂያቸውንና ፊርማቸውን በአንድ ላይ ለማያውቁት ሰው አይላኩ። ገንዘብ ሊመልሱ ነው ተብሎ በስልክ የሚጠየቅ የማረጋገጫ ኮድም አይነገርም። ገንዘብ ለሚቀበል ሰው የአካውንት ቁጥሩ በቂ ነው፤ የሚስጥር ቁጥር አያስፈልገውም።

ስለዚህ ከፍለው ከሆነ የእነሱን ቅጽ ይተዉት። የራሳችሁን ደብዳቤ ጻፉ። እናትዎ የሽያጭ ውል አለመፈረማቸውን፣ በዚህ ቀን ይህን ያህል ብር በዚህ አካውንት መላካቸውን፣ ገንዘቡ በተወሰነ ቀን ውስጥ በየትኛው አካውንት እንዲመለስላቸው እንደሚጠይቁ፣ ከእንግዲህ እንዳይደወልላቸውና ቁጥራቸው ከዝርዝሩ እንዲወጣ ይጻፍበት። «ውል አፍርሻለሁ» የሚል ቃል አይኑርበት። «ይቅርታ» የሚልም አያስፈልገውም። ለሴልሷ ሳይሆን ለድርጅቱ ዋና ቢሮ በአደራ ደብዳቤ ይላኩት፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ይያዙ። ከመላክዎ በፊት ግን ጠበቃ ይየው። ሁለት መስመር የሚያክል ነገር ነው ብለው አይናቁት።

ቅጹን አስቀድመው ፈርመው ከሆነስ? ተስፋ አይቁረጡ፤ ግን ጊዜ አያባክኑ። ፊርማው የተገኘው በማታለል ወይም በመሠረታዊ ስህተት ከሆነ በቅጹ ላይ የተፈረመው ስምምነት እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1810 ለዚህ የሁለት ዓመት ገደብ አለው፤ የሚቆጠረውም ምክንያቱ (ማታለሉ ወይም ስህተቱ) ከተወገደበት ቀን ጀምሮ ነው። ማስረዳት ያለባቸው እናትዎ ናቸው፣ ማስረዳቱም ከባድ ነው። የመጀመሪያውን ለማስተካከል ተብሎ ሁለተኛ ወረቀት በጭራሽ እንዳይፈርሙ። ዋናውን የሽያጭ ውል ፈርመው ከሆነ ደግሞ እስካሁን ያልኩት አብዛኛው ይለወጣል። ያን ጊዜ ውሉን ከነአባሪዎቹ ሳላይ አንድ ቃል ብናገር ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ይሆንብኛል።

ቤቱ ባሕር ዳር ውስጥ ይሠራል የተባለ መሆኑ ለእናንተ ጥሩ ነው። ከተማ አስተዳደሩ ጋ ሄደው በተባለው ቦታ ላይ የግንባታ ፈቃድ መኖሩንና በማን ስም እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሪል ስቴት በ2017 ዓ.ም ራሱን የቻለ አዋጅ ወጥቶለታል፤ ጠበቃችሁ ድርጅቱ የሚፈለግበትን አሟልቷል ወይ የሚለውን ከዚያ አንጻር ያየዋል። መሬት እንደማይሸጥ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ተናግሯል። «የሐይቅ ዳር መሬቱ የእርስዎ ይሆናል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቃሉን በደብተሩ ላይ እንዳለ ጻፉት።

መክሰስስ ላሉት፦ ይቻላል። ግን ተከሳሹ ሌላ ክልል ወይም አዲስ አበባ ሲሆን ጉዳዩን የትኛው ፍርድ ቤት ያያል የሚለው ራሱ ክርክር ነው። የተሳሳተ ቦታ ከፍተው ዳኝነት እንዳይከፍሉ አስቀድመው ያማክሩ። የጠበቃ አቅም ከሌለ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እናትዎም አብረው ይሂዱ። የባንክ ደረሰኙን ወይም የሂሳብ መግለጫውን፣ የመልእክቶቹን ስክሪንሹት፣ ደብተሩን፣ የፈረሙት ማናቸውም ወረቀት ካለ እሱንም ይያዙ። ወረቀት ካለ ዋናውን ለማንም አያስረክቡ፤ ቅጂ ይስጡ። የደዋዮቹን ድምፅ ቀድተው ከሆነም ፌስቡክ ላይ አይልቀቁት። ስም ማጥፋት ተብሎ ተከሳሿ እርስዎ ይሆናሉ።

ዛሬ ማታ ከደወሉ ስልኩን እርስዎ ያንሱት። ስሟንና የድርጅቷን ስም ይጠይቁ። «እናቴ እንድትደውሉላቸው ፈቃድ አልሰጡም፤ የሰጡትም ካለ ተነስቷል። የምትሉት ነገር ካለ በጽሑፍ ላኩ» ይበሉ። ስለ ገንዘቡ ከጠየቀችዎት «ከፍለናል»ም «አልከፈልንም»ም አይበሉ። ሰዓቱን ጽፈው ይዝጉ፤ ነገ ጠዋት ወረቀቶቹን ሰብስበው ጠበቃ ጋ ይሂዱ።