የጋውስ ሕግ እና የጋውስ ቲዎረም፦ ጥያቄና መልስ

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ቲዎረም በሒሳብ ይረጋገጣል፤ የፊዚክስ ሕግ ግን በሙከራ ይፈተናል። እባካችሁ ሁለቱን አታምታቱ።

ጥያቄ፦ የጋውስ ሕግ (በዝግ ገጽ በኩል የሚወጣው የኤሌክትሪክ መስክ መጠን፣ ማለትም ፍለክስ፣ በገጹ ውስጥ ካለው ቻርጅ ጋር ይመጣጠናል የሚለው) የጋውስ ቲዎረም ከሚባለው ከዳይቨርጀንስ ቲዎረም የሚወጣ ከሆነ ለምን ራሱን የቻለ ሕግ ይባላል?

መልስ፦ አይወጣም። ቲዎረሙ በአንድ ዝግ ገጽ በኩል ወደ ውጭ የሚያልፈው ፍለክስ በገጹ ውስጥ ካለው ዳይቨርጀንስ (መስኩ ከእያንዳንዱ ነጥብ ምን ያህል ወደ ውጭ እንደሚፈልቅ የሚለካው) ድምር ጋር እኩል ነው ይላል፤ ይህም ለውኃ ፍሰት፣ ለሙቀት፣ በወረቀት ላይ ለምንፈጥረው ለማንኛውም ለስላሳ (ያለ መቋረጥ የሚለዋወጥ) የቬክተር መስክ (በየነጥቡ መጠንና አቅጣጫ ያለው) ጭምር ይሠራል። የኤሌክትሪክ መስክ ዳይቨርጀንስ ከቻርጅ ጥግግት ጋር የተያያዘ መሆኑን የነገረን ግን ተፈጥሮ ናት። ኩሎም በ1785 የለካው ኃይል በርቀት ካሬ ሳይሆን በርቀት ኩብ የሚቀንስ ቢሆን ኖሮ ቲዎረሙ እንዳለ ይቆም ነበር፤ የጋውስ ሕግ ግን ይፈርስ ነበር።

ጥያቄ፦ የነጥብ ቻርጅን መስክ ዳይቨርጀንስ ሳሰላ ዜሮ መጣልኝ፤ ፍለክሱ ግን ዜሮ አይደለም። ስህተቱ የት ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ስሌቶች ትክክል ናቸው፤ የተዘነጋው የቲዎረሙ ቅድመ ሁኔታ ነው። መስኩ ቻርጁ ባለበት ነጥብ ላይ ትርጉም የለውም፤ ቲዎረሙ ደግሞ በገጹ ውስጥ በሁሉም ቦታ ለስላሳ የሆነ መስክ ይፈልጋል። ስለዚህ ቻርጁን በትንሽ ሉል ከልላችሁ አውጡት፤ በሁለቱ ገጾች መካከል ዳይቨርጀንሱ ዜሮ ስለሆነ በትንሹ ሉል የወጣው ፍለክስ ሁሉ በትልቁም ያልፋል። 1 ናኖኩሎም ቻርጅ የከበበው ሉል ሬዲየስ 1 ሴንቲሜትርም ይሁን 1 ኪሎሜትር፣ ፍለክሱ ወደ 113 ኒውተን ሜትር ካሬ በኩሎም ነው፤ የሉሉ ስፋት በሬዲየሱ ካሬ ሲያድግ መስኩ በዚያው ልክ ይቀንሳልና።

ጥያቄ፦ ስለ ስቶክስ ቲዎረም (በቀለበት ዙሪያ የተደመረ መስክ በቀለበቱ ላይ በተዘረጋ ገጽ በኩል ከሚያልፈው የመስኩ ሽክርክሪት ጋር እኩል ነው ስለሚለው) ቢያብራሩልን።

መልስ፦ ምኑን? ያልገባዎትን ለይተው ይጠይቁ።

ሌላ አባል፦ ቲዎረሙ የስቶክስ አይደለም፤ በ1850 በደብዳቤ የጻፈለት ዊልያም ቶምሰን፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ነው።

ሦስተኛ አባል፦ በዚህ ከሄድን የጋውስ የምንለውንም ላግራንዥ በ1762 ነክቶታል፤ ኦስትሮግራድስኪም በ1826 አረጋግጦታል። ስሙ ለማን ይሰጥ?

መልስ፦ ስቶክስ ቲዎረሙን በ1854 በኬምብሪጅ ለፈተና አቅርቦታል፤ ከተፈታኞቹም አንዱ ማክስዌል ነበር። የስሙን ክርክር እዚህ ላይ እናቁም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የጋውስን ሕግ በሒሳብ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም ማለት ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያው መልስ ተመልሷል። ሕግን ከቲዎረም ለዩ ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅሙ ሁለት ትይዩ ሳህኖች) ቻርጅ በሚሞላበት ጊዜ የአምፔር ሕግ (በቀለበት ዙሪያ የተደመረው ማግኔቲክ መስክ በቀለበቱ ውስጥ ከሚያልፈው ከረንት ጋር ይመጣጠናል የሚለው) ለምን አይሠራም?

መልስ፦ እንዲህ ያለው ጥያቄ ደስ ያሰኛል። ሽቦውን በሚከብ ቀለበት ላይ ሁለት ገጾች ዘርጉ፦ አንዱ ጠፍጣፋ ሆኖ በሽቦው ይበሳል፤ ሌላው እንደ ከረጢት ተነፍቶ በካፓሲተሩ ሁለት ሳህኖች መካከል ያልፋል። በስቶክስ ቲዎረም መሠረት ጠርዛቸው አንድ እስከሆነ ድረስ የሁለቱ ውጤት አንድ መሆን አለበት። በመጀመሪያው ከረንት ያልፋል፤ በሁለተኛው ግን ምንም አያልፍም። ቲዎረሙ ሊሳሳት ስለማይችል ጉድለቱ የሕጉ ነው፤ ጉድለቱንም የሞላው ማክስዌል በ1860ዎቹ መጀመሪያ የጨመረው ዲስፕሌስመንት ከረንት፣ ማለትም በሳህኖቹ መካከል የሚለዋወጠው የኤሌክትሪክ መስክ ድርሻ ነው።